ከስደት ተመልሶ በቤት ስለ መኖር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን!

ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ያለውን ወራት የእመቤታችንና የተወደደ ልጇ የስደት መታሰቢያ አድርጋ ታከብራለች፤ በማግሥቱም ኅዳር 6 ቀን የቁስቋምን በዓል ታደርጋለች። በዚህ ወራት ሕፃን ታቅፋ በረሃ ያቋረጠችውን እናት፥ የመንገዱን ድካም፥ የውሃውን ጥም፥ የባዕድ አገሩን መከራ እያሰብን እናዝናለን። ስለ ስደቱ ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተዘምሯል። ዛሬ ግን በእግዚአብሔር ፈቃድ ልንናገር ያሰብነው ስለ ስደቱ ሳይሆን ከስደት በኋላ ስላለው ኑሮ ነው።

ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 2 እንደ ጻፈልን፥ ሄሮድስ ከሞተ በኋላ የእግዚአብሔር መልአክ በሕልም ለዮሴፍ ተገልጦ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ እስራኤል አገር እንዲመለስ ነገረው፤ ዮሴፍም ተነሥቶ ተመለሰ። ነገር ግን አገሩ ትቶት እንደ ሄደው ሆኖ አልጠበቀውም። በይሁዳ በሄሮድስ ፈንታ ልጁ አርኬላዎስ ነግሦ ነበርና ወደዚያ መግባትን ፈራ፤ ዳግመኛም በሕልም ተረድቶ ወደ ገሊላ ዘወር አለ፥ ናዝሬት በምትባል ከተማም ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ስላለው ዘመን ወንጌል የሚነግረን ጥቂት ነው። ጌታችን በጥበብና በቁመት ማደጉን፥ ለእናቱና ለዮሴፍ መታዘዙን፥ ቤተ ሰቡ በየዓመቱ ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም መውጣቱን እንሰማለን። ሠላሳ ዓመት እስኪሆነው ድረስ የነበረው ኑሮ የአንድ አናጢ ቤት ኑሮ ነበረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ከስደት የተመለሰ ሰው ሁልጊዜ ያሰበውን ቦታ አያገኝም፤ ዮሴፍ ወደ ይሁዳ ሊገባ አስቦ ነበር፥ ኑሮው ግን በገሊላ ሆነ። ሁለተኛው፥ ከግብፅ መውጣት በአንድ ጉዞ አለቀ፤ በናዝሬት መኖር ግን ብዙ ዓመት ጠየቀ። የዛሬው ትምህርታችን በሙሉ በዚህ በሁለተኛው ነገር ላይ ያረፈ ነው። ከስደት መመለስ አውሮፕላን ባረፈበት ሰዓት የሚፈጸም አይደለም፤ በማዕድ፥ በሥራ፥ በንግግርና በጸሎት ቀን በቀን የሚፈጸም ነው። ሥራውም የተመላሹ ብቻ ሳይሆን የተቀባዩም ጭምር ነው።

ምእመናን ሆይ! ይህ ነገር የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ባስወጣ ጊዜ፥ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ የሚበልጡ ወገኖቻችን ወደ አገራቸው ገብተዋል። በ2012 ዓ.ም. በሊባኖስ የገንዘብ ችግርና የኮሮና ወረርሽኝ በተደራረቡ ጊዜ፥ በላዩም ሐምሌ 28 ቀን በቤይሩት ወደብ ታላቁ ፍንዳታ በደረሰ ጊዜ፥ በየሰው ቤት ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ ብዙ እኅቶቻችን ያለ ደመወዝና ያለ መጠለያ ቀርተው እንደ ነበር እናስታውሳለን። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 100 ሺሕ የሚጠጉ ዜጎችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ለመመለስ ስምምነት ተደርጎ አውሮፕላኖች ሲመላለሱ ሰንብተዋል። ከእነዚህም ሌላ ማንም ሳያስገድዳቸው፥ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ልጆቻቸውን ይዘው ተጠቃልለው የገቡ አሉ። መንገዳቸው ልዩ ልዩ ነው፤ የሁሉም መድረሻ ግን አንድ ቤት፥ አንድ ማዕድ፥ አንድ ቤተ ሰብ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ነው። እናት እልል ትላለች፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ዐቅም ያለው በግ ያርዳል፤ ቡናው ሦስት ጊዜ ይፈላል። ሻንጣው ተከፍቶ ለእያንዳንዱ የመጣለት ይታደላል። ከዚያ በኋላ ጎረቤቱም ወደ ሥራው፥ ዘመዱም ወደ አገሩ ይመለሳል። በሦስተኛው ሳምንት ቤቱ ጸጥ ይላል። የተመለሰችው እኅታችን ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ባንና ትነሣለች፤ ለዓመታት በዚያ ሰዓት ስትጠራ ኖራለችና። ጨው ከምን እንደ ተቀመጠ ታናሽ እኅቷን ትጠይቃለች። ሰዎቹ በሚሥቁበት ነገር ለመሣቅ ታሪኩን አታውቀውም፤ ስለ ሞተ ሰው «እንደ ምን ነው?» ብላ ትጠይቅና ሁሉም ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ በልቧ፥ «ቤቴ ገብቼ ሳለሁ ለምን እንግዳ ሆንሁ?» ትላለች። ይህን ጥያቄ ብዙዎች በልባቸው ይጠይቁታል፤ ለማንም ግን አይናገሩትም።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። የሄደው ሰው ቤቱን ትቶት በሄደው መልክ በልቡ ይዞ ቆይቷል፤ የቀረውም ቤተ ሰብ የሄደውን ሰው በግድግዳ ላይ በሰቀለው ፎቶግራፍ መልክ ይዞ ቆይቷል። በመካከሉ ግን ዓመታት አልፈዋል፤ ሁለቱም ተለውጠዋል። ስለዚህ እርስ በርስ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን የቀድሞ መልክ ይፈልጋል፥ ያንንም ባጣ ጊዜ ቅር ይለዋል። ይህ የፍቅር ማነስ አይደለም። ያለፈው ጊዜ ገና ያልተነገረ፥ ያልተሰማም በመሆኑ ነው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ቤተ ሰብ ከብዙ ጠብ ይድናል።

አሁን ደግሞ ባዶ እጁን ስለ ተመለሰ ሰው እንናገር። በመጽሐፈ ሩት እንደምናነበው ኑኃሚን በረኀብ ዘመን ከቤተ ልሔም ወጥታ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ወደ ሞዓብ አገር ሄደች። ባሏም ልጆቿም በዚያ ሞቱባት። ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ከምራቷ ከሩት ጋር ስትመለስ ከተማው ሁሉ ስለ እርሷ ታወከ፤ ሴቶቹም እርሷ መሆኗን ተጠራጥረው ጠየቁ። ኑኃሚን ግን መልኳን አላሳመረችም፥ ያላትንም አላበዛችም። ሞልታ ሄዳ ባዶዋን መመለሷን፥ ኑሮዋም መራራ መሆኑን በፊታቸው ተናገረች። ጊዜውም የገብስ አጨዳ መጀመሪያ ነበርና ሩት ከአጫጆች ኋላ ቃርሚያ እየለቀመች ቤቱን መመገብ ጀመረች። ልብ እንበል፤ የዚያ ቤት መቃናት የተጀመረው በቃርሚያ ነው። መጽሐፉም የሚጨርሰው ያችኑ ባዶ እጇን የመጣችውን ሴት ሕፃኑን ኢዮቤድን በጕያዋ አቅፋ፥ ጎረቤቶቿም ከበዋት ደስ ሲላቸው በማሳየት ነው።

ከወገኖቻችን መካከል በባዶ እጅ የተመለሱ ብዙዎች ናቸው። አንዳንዱ በእስር ቤት ቆይቶ በለበሰው ልብስ ብቻ መጥቷል። አንዳንዷ የሁለት ዓመት ደመወዟን አሠሪዋ አስቀርቶባታል፤ በብዙ የዓረብ አገሮች የሠራተኛዪቱ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተያያዘ ሆኖ ስለ ኖረ፥ ፓስፖርቷም ብዙ ጊዜ በእርሱ እጅ ስለሚቀመጥ፥ በደሏን ወደ ማንም ሳታቀርብ ትመለሳለች። ያዕቆብ አባታችንም ላባን ደመወዙን ዐሥር ጊዜ እንደ ለወጠበት ተናግሯል። የተበደለ ሠራተኛ በደሉ እንጂ ስንፍናው አይደለም ባዶ እጁን የሰደደው። ስለዚህ እናንተ ተቀባዮች፥ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ምን አመጣሽ?» አይሁን። «ጎረቤት ምን ይለናል» ብላችሁም ሰውን በምሽት አታስገቡ። የመጣላችሁ የሥጋችሁ ቍራጭ እንጂ የሻንጣ ተሸካሚ አይደለም። እናንተም ተመላሾች፥ የሌላችሁን አለን አትበሉ። ብዙ ሰው በዕፍረት ምክንያት ተበድሮ ድግስ ይደግሳል፥ ተበድሮም ስጦታ ይሰጣል፤ ከወራት በኋላ ግን ዕዳው ስለሚገፋው እንደ ገና በዚያው በአስጨናቂው መንገድ፥ በደላላ እጅ፥ በባሕርና በበረሃ ይሄዳል። እንደ ኑኃሚን እውነቱን በመጀመሪያው ቀን መናገር ከዚህ ሁሉ ያድናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ በቃርሚያ መጀመርም ነውር አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የልጆች ነገር ነው። እናት የሁለት ዓመት ልጇን ለአያት ትታ ሄዳለች እንበል። ስትመለስ ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። «እማዬ» የሚላት አያቱን ነው፤ የወለደችውን በስልክ ድምፅ ብቻ ያውቃታል። ያመጣችለትን ጫማ ስታለካው እግሩ አይገባበትም፤ በልቧ የያዘችው እግር ሌላ ነበርና። ማታ ሲተኛ ከአያቱ ጎን ይተኛል። ይህች እናት ለዚህ ልጅ ስትል የደከመችው ድካም ሁሉ ከንቱ የሆነ ይመስላታል፤ አልቅሳ ሌሊቱን ታነጋለች።

ነቢዩ ሳሙኤል ጡት ከጣለ በኋላ በቤተ መቅደስ አድጓል፤ እናቱ ሐና በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ታየው ነበር። ነገር ግን በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ታመጣለት እንደ ነበር መጽሐፍ ይነግረናል። ልጁ ያድግ ስለ ነበር ልብሱም በየዓመቱ ማደግ ነበረበት። ሐና ሩቅ ሳለች የልጇን ቁመት በልቧ ትለካ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ በስደት ያለችሁ እናቶችና አባቶች፥ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የልጁን ዕድገት ተከታተሉ፤ ምን እንደሚወድ፥ ምን እንደሚፈራ፥ ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሰ ጠይቁ። ተመልሳችሁም ከሆነ ልጁን ከአያቱ እጅ አትንጠቁ። አያት ለልጁ እናት ሆና የቆየችው ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው፤ ምስጋና እንጂ ቅንዓት አይገባትም። አያትም በበኩሏ ልጁን በአንድ ቀን ገፍታ አትስጥ፥ ለራሷም አታስቀር፤ እናቲቱ ልጁን ስታጥብ አብራት ትቀመጥ፥ ስታበላው ትመርቅላት፥ «እናትህ ናት፥ ለአንተ ስትል ደከመች» ብላ በፊቱ ትመስክርላት። እናት ሆይ፥ የልጅ ልብ በመጫወቻ አይገዛም። ጠዋት ትምህርት ቤት አድርሺው፤ ማታ ደብተሩን እዪለት፤ እሑድ እጁን ይዘሽ ቅዳሴ አስቀድሺው። ይህን ለአንድ ዓመት ያደረገች እናት «እማዬ» የሚለውን ቃል ሳትጠይቅ ትሰማዋለች።

በባዕድ አገር ተወልደው ከወላጆቻቸው ጋር ስለ መጡ ልጆችም አንድ ቃል እንናገር። እነዚህ ልጆች አማርኛውን ቢሰሙት እንኳ መናገር ያቅታቸዋል። ሽማግሌውን «አንተ» ብለው ይጠራሉ፤ ይህም «እርስዎ» ማለትን ስላልተማሩ እንጂ ስለ ናቁ አይደለም። አይሣቅባቸው፤ «ፈረንጅ» እየተባለ ቅጽል ስም አይውጣላቸው። የተሣቀበት ልጅ አፉን ይዘጋል፤ አፉን የዘጋም ልጅ ቋንቋውን አይማርም። አያቶቻቸው በቀን ጥቂት ቃል፥ በማታም አንድ ተረት ይስጧቸው። ለእነርሱ አገሩ ወላጆቻቸው የተመለሱበት እንጂ እነርሱ የተመለሱበት አይደለም፤ ስለዚህ የእነርሱ ስደት ገና ዛሬ እንደ ጀመረ ወላጆች ይወቁ።

ባልና ሚስት ተለያይተው ሲኖሩ የቤቱ ሥርዓት ይለወጣል። ባል ለብቻው ቤት ማስተዳደር፥ ልጅ ማሳደር ለምዷል፤ ሚስት ለብቻዋ ገንዘብ ማግኘትና መቍረጥ ለምዳለች። ሲገናኙ ሁለት አዛዦች በአንድ ቤት ይሆናሉ። በዚህም ላይ ጥርጣሬ ይገባል፤ አንዱ ሌላውን «እዚያ ምን ስትሠሪ ነበር? እዚህስ ከማን ጋር ነበርህ?» እያለ ይመረምራል። ወዳጆቻችን ሆይ፥ ምርመራ ቤትን አያቆምም። ኃጢአት ካለ የሚነገርበት ቦታ በንስሐ አባት ፊት ነው። ሁለቱም የንስሐ አባታቸውን ይፈልጉ፤ የቀድሞው አባት ዐርፈው ከሆነ ሌላ ይያዙ። አንዱ ሌላ ትዳር መሥርቶ ከተገኘም ነገሩ አይሸሸግ፤ በንስሐ አባት፥ በሽማግሌ፥ አስፈላጊም ሲሆን በሕግ ፊት በእውነት ይታይ። ትዕግሥትን እናስተምራለን እንጂ ዱላን ታገሡ ብለን አናስተምርም፤ ሚስቱን የሚመታ ሰው ክርስቶስ ስለ ቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ መስጠቱን የዘነጋ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ቤት የፈረሰበት የገንዘብ ሒሳብ ይመጣል። እኅት ለዓመታት የላከችው ገንዘብ ለቤት መሥሪያ ነበር፤ ስትመለስ ቤቱ ተሠርቷል፥ ስሙ ግን የወንድሟ ሆኗል። ወይም ገንዘቡ ለእናት ሕክምና፥ ለወንድም ትምህርት፥ ለአባት ተዝካር ውሏል፤ እርሷ ግን አልተነገራትም። አንዱ «በላኸኝ» ይላል፥ ሌላው «ቤቱን ማን ያዘልሽ?» ይላል። በዚህ ላይ የምንመክረው ይህን ነው፤ ሒሳቡ በቍጣ ቀን አይነሣ፥ ለዘለዓለምም አይተው። ንስሐ አባትና ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት በአንድ የተወሰነ ቀን፥ የባንክ ወረቀት ያለው ወረቀቱን ይዞ፥ የሌለው በሕሊናው መስክሮ ይቀመጡ። የተገኘው ይጻፍ፤ የጠፋው ይታወቅ፤ የሚከፈለውና ይቅር የሚባለው ይለይ። ያዕቆብና ላባን በተለያዩ ጊዜ ድንጋይ ከምረው ምስክር አደረጉት፥ በዚያም አብረው ማዕድ በሉ። የተጻፈ ስምምነት የፍቅር ጠላት አይደለም። ወንድም የእኅቱን ቤት በስሙ ይዞ ቢቆርብ ግን መሥዋዕቱን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከእኅቱ ጋር ሊታረቅ እንደሚገባው ከጌታችን ትምህርት የታወቀ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራው ነገር እንምጣ። ከስደት የሚመለስ ሰው የሚያመጣው ሁሉ በሻንጣ ውስጥ አይደለም። የተመታች አለች፤ የተደፈረች አለች፤ ጓደኛዋ ከፎቅ ስትወድቅ ያየች አለች፤ በበረሃ ባልንጀራውን ቀብሮ የመጣ አለ። እነዚህ ሰዎች ድንገት ይቈጣሉ፥ ወይም ቀኑን ሙሉ ተሸፍነው ይተኛሉ፥ ወይም ራሳቸውን ሊጎዱ ያስባሉ። ቤተ ሰብ ግን «ጥጋብ ነው» ወይም «ሰይጣን ያዛት» ብሎ ይፈርዳል። ጸበል መሄድ መልካም ነው፤ እኛም እንመክራለን። ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምንም የፈጠረ፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል። ስለዚህ ጸበልና ሐኪም አይጣሉም። የታመመን ሰው በሰንሰለት አስሮ በጓዳ መደበቅ፥ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ማስጣል የክርስቲያን ሥራ አይደለም።

ከሕፃን ጋር የተመለሰችም አለች። የሕፃኑ አባት አይታወቅም፥ ወይም ሊነገር አይቻልም። ብዙዎች ይህችን እኅት ከቤት ያስወጣሉ፤ እርሷም ሕፃኑን ይዛ በማታውቀው ከተማ ትቀራለች። ምእመናን ሆይ፥ ቤተ ክርስቲያን ወንዱን በ40፥ ሴቲቱን በ80 ቀን የምታጠምቀው የወላጆችን ታሪክ መርምራ አይደለም። ጊዜው ቢያልፍ እንኳ ሕፃኑ ይምጣ፥ ይጠመቅ፥ የክርስትና አባት ይቁምለት። ሕፃን ዕዳ የለበትም። እናቱም በግፍ የሆነባት ከሆነ ተበዳይ ናት፤ በፈቃዷ የሆነ ከሆነም የንስሐ በር አልተዘጋባትም። ሰዎች የማይታገሡትን እግዚአብሔር እንደሚታገሥ እናስብ።

በአገራችን ታሪክ የሚታወቅ አንድ ነገር እዚህ ላይ ቢነሣ ይጠቅማል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ መኮንኖች አንድ ሕፃን ይዘው ወደ ህንድ ሄዱ። ልጁ በዚያ አደገ፥ ተማረ፥ ሐኪምም ሆነ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የአገሩን ቋንቋ አያውቅም ነበር፤ ስሙንም የእንግሊዝ ስም አድርገውለት ነበር። አያቱ ግን መጥተው በሰውነቱ ላይ ባለው ጠባሳ ለይተው አወቁት፥ ስሙም ወርቅነህ መሆኑን ነገሩት። እርሱም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው፤ በኋላ ዘመን በሕክምናና በትምህርት ሥራ አገሩን ያገለገለ፥ ኢጣልያ አገራችንን በወረረችም ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ የነበረ ሰው ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ቋንቋው ጠፍቶ፥ ስሙ ተለውጦ፥ ልብሱ የባዕድ ሆኖ ሳለ አያቱ ያወቁት በጠባሳው ነው። የእኛም ቤተ ሰብ የተመለሰውን ሰው በጌጡ ሳይሆን በጠባሳው ሊያውቀው ይገባል። ጠባሳውን ለማየት ግን መጠየቅና ማድመጥ ያስፈልጋል፤ ሊናገር ያልፈለገውንም ሰው እስኪናገር መጠበቅ ያስፈልጋል።

ስለ ተመላሹ ይህን ያህል ከተናገርን ስለ ቀረውም ሰው እንናገር። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የጠፋው ልጅ ሲመለስ አባቱ ሮጦ ዐቀፈው፤ ፍሪዳም ታረደለት። ታላቅ ወንድሙ ግን ከእርሻ ሲመለስ ዘፈኑን ሰምቶ ተቈጣ፥ ሊገባም አልወደደም። ወደ ስደት የሄደ ወገናችን ሁሉ ገንዘብ አባካኝ ነው ማለታችን አይደለም፤ ብዙው ቤተ ሰቡን ሊረዳ የሄደ ነው። ነገር ግን በየቤቱ ከደጅ የቆመ ታላቅ ወንድም አለ። የአባትን የመጨረሻ ሕመም ያስታመመ፥ ሌሊት የተነሣ፥ ልብስ ያጠበ፥ የቀበረ እርሱ ነው። ውጭ ያለው በስልክ ሲመሰገን እርሱን ያመሰገነው የለም። በምሳሌው ውስጥ ያለው አባት ታናሹን ለመቀበል እንደ ወጣ፥ ታላቁንም ለመለመን ራሱ ወደ ደጅ ወጥቷል። ወላጆች ሆይ፥ በምትቀበሉበት ቀን ለቀረውም ልጅ ምስጋና ተናገሩ። ተመላሽ ሆይ፥ በመጀመሪያው ሳምንት ወንድምህን ለብቻ ጠርተህ፥ «እኔ ባልነበርሁበት ጊዜ አንተ ነበርህ» በለው። ይህች አንዲት ቃል ከምታመጣለት ሰዓት ትበልጣለች። ያ ታላቅ ወንድም በመጨረሻ ይግባ አይግባ ወንጌል አልነገረንም፤ መልሱ በየቤታችን የሚሰጥ ነውና።

በዚህ ነገር እኛም የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ከጥፋት ነፃ አይደለንም። በስደት ያሉ ልጆቻችን ከላባቸው ቈርጠው ለአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን መሥሪያ ሲልኩ፥ ጃንጥላና መጋረጃ ሲሳሉ፥ ስማቸውን በዐውደ ምሕረት ጠርተን መርቀናል። ባዶ እጃቸውን በተመለሱ ጊዜ ግን ስንቶቻችን ቤታቸው ሄደን ጠይቀናቸዋል? በድግሱ ቀን ተገኝተን ባርከናል፤ በሦስተኛው ወር፥ ቤቱ ጸጥ ባለ ጊዜ፥ አልሄድንም። ይህን ጥፋታችንን እናምናለን። ከእንግዲህ ካህኑ በአጥቢያው ማን እንደ ተመለሰ ይወቅ፤ ዕድሩ ተመላሹን የቀረበትን ወራት መዋጮ ሳያስጨንቅ ይቀበለው፤ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቱን ይጥራው፤ ማኅበርተኛው ተራውን ይስጠው። ሥራ ያለውም ሰው ሥራ ይስጠው። በባዕድ ቤት ምግብ ማብሰል፥ ሕፃን ማሳደግ፥ በሽተኛ ማስታመም የለመደች እኅት፥ በፋብሪካና በግንባታ የሠራ ወንድም ብዙ ዕውቀት ይዞ መጥቷል፤ ዕውቀቱን የሚጠይቀው አጥቶ ይቀመጣል።

እንግዲህ ነገራችንን ለመደምደም ወደ ናዝሬት እንመለስ። የዓለም መድኃኒት ከስደት ከተመለሰ በኋላ ወዲያው ተአምራት አላደረገም። በአንድ ትንሽ ከተማ፥ በአንድ ቤት፥ ለወላጆቹ እየታዘዘ ብዙ ዓመት ኖረ። አምላክ ይህን ኑሮ ካልናቀው እኛ እንዴት እንንቀዋለን? ጠዋት ተነሥቶ «እንደ ምን አደራችሁ» መባባል፥ በአንድ መሶብ መቅረብ፥ የታመመን መጠየቅ፥ ልጅን ትምህርት ቤት ማድረስ፥ በሰንበት አብሮ መሳለም ትንሽ ነገር ይመስላል። ስደት የነጠቀን ግን ይህንኑ ነው፤ የሚመልሰንም ይኸው ነው። ተመላሽ ሆይ፥ አንድ ዓመት ሳይሞላ ተስፋ አትቍረጥ፥ በችኮላም እንደ ገና ለመሄድ አትነሣ። ተቀባይ ሆይ፥ አንድ ዓመት ሳይሞላ አትፍረድ። በዚህ ዓመት ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ማታ ስልኩንና ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ በአንድ ማዕድ ተቀመጡ፤ የሄደው ያየውን ይናገር፥ የቀረውም የሆነውን ይናገር፤ በመጨረሻም በአንድነት ቆማችሁ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ። ዓመቱ ሲሞላ ጨው ከምን እንደ ተቀመጠ የሚጠይቅ ሰው በቤታችሁ አይኖርም።

ሕፃኑንና እናቱን ከግብፅ የመለሰ፥ ለዮሴፍም በናዝሬት ማረፊያ ያዘጋጀ አምላካችን እግዚአብሔር፥ በስደት ያሉትን በሰላም ይመልስልን፤ የተመለሱትን በፍቅር ያኑርልን፤ የተቀበሉትንም ትዕግሥት ይስጥልን። የስደተኞች እናት የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።